የመጀመሪያ ሥራ ተገኘ፤ ቤትስ የት ይሁን?

ተመረቃችሁ። ሲቪ ይዛችሁ ስንት ቢሮ ደጅ ጠናችሁ፣ ስንት ፈተና ተቀመጣችሁ፣ በመጨረሻ «ሰኞ መጥታችሁ ጀምሩ» ተባላችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ! አሁን ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ ከች አለ፦ የት ነው የምኖረው?

ግቢ እያላችሁ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ዶርም አለ፣ ካፌ አለ፣ ክፍል በእግር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ስትጀምሩ ግን መኝታው አንድ ሰፈር፣ ቢሮው ሌላ ሰፈር፣ በመሃል ሰልፍ አለ። ታናናሾቼም የጓደኞቼ ታናናሾችም በተመረቁ ቁጥር ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ የምነግራቸውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። በዋናነት የምጽፈው አዲስ አበባ ሥራ ለሚጀምር ሰው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኪራዩን ብቻ አይታችሁ ቤት አትምረጡ። የአንድ ቤት ዋጋ ማለት ኪራዩ፣ ታክሲው፣ ምግቡና መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ተደምሮ ነው። ብዙ አዲስ ተመራቂ የሚጎዳው ውድ ቤት ገብቶ አይደለም፤ ርካሽ ነው ብሎ በጣም ሩቅ ሄዶ ነው።

መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባውን ብር እወቁ

የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥርና ባንክ የሚገባው ቁጥር ይለያያሉ። እንበልና ደብዳቤው 12,000 ብር ይላል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጀመረ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። 12,000 ላይ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። የጡረታ 7 በመቶ 840 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 8,910 ብር ነው ማለት ነው። ቤት የምትፈልጉት በዚህ በኋለኛው ቁጥር ነው። «ደሞዜ አሥራ ሁለት ሺህ ስለሆነ ስድስት ሺህ ብከፍል ግማሽ ነው» የሚል ሰው ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ሒሳቡን ስቷል።

ሌላም ነገር አለ። ደሞዝ የሚመጣው ወሩ ሲያልቅ ነው፤ ኪራይ የሚከፈለው ወሩ ሲጀምር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ኪራይ፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ የደላላው፣ ታክሲውና ምሳው በሙሉ ገና ያልሠራችሁበት ብር ነው። ከቤተሰብ ነው ወይ ከብድር የሚመጣው። ይህን ብር ማን እንደሚሸፍን ሳታውቁ ቤት ማየት አትጀምሩ። የሚሸፍን ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ምርጫችሁ ዘመድ ቤት ወይም ቀድሞ ቤት የያዘ ጓደኛ ጋ መጠጋት ነው። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብዙው ሰው የጀመረው እንደዚያ ነው።

«ስንት ታክሲ ነው?»

አዲስ አበቤ ርቀት ሲጠየቅ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ «አንድ ታክሲ ነው»፣ «ሁለት ታክሲ ነው» ይላል። ልክም ነው። ታክሲ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ሰልፍ፣ አዲስ ሒሳብ፣ አዲስ ግፊያ አለ። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ነገር ግን ሁለት ታክሲ የሆነ ሰፈር፣ ራቅ ብሎ አንድ ታክሲ ከሆነው ይብሳል።

ቢሮአችሁ ሜክሲኮ ከሆነ ጀሞ ጥሩ ነው፤ በመካኒሳና በሳር ቤት አድርጎ አንድ ታክሲ ያደርሳችኋል። ያው ጀሞ ግን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ለሚሠራ ሰው ሌላ ታሪክ ነው፤ እየቀያየራችሁ ነው የምትደርሱት። መገናኛ ለሚሠራ ሰው የካ አባዶ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ሰሚት ይታሰባሉ። ቃሊቲ ወይም አቃቂ ፋብሪካ ለገባ ደግሞ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ «ዳር» የሚባሉ አይደሉም፤ እንዲያውም ከቦሌ የተሻሉ ናቸው። «ሩቅ ሰፈር» የሚባል ነገር ለብቻው የለም። ከምን የራቀ? ብላችሁ ጠይቁ።

ባቡሩንም አስቡት። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር አንዱ መስመር ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከምኒልክ አደባባይ በመርካቶ፣ በስታዲየምና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይወርዳል። ቤታችሁም ቢሮአችሁም በእነዚህ መስመሮች ላይ በእግር የሚደረስ ከሆነ መልካም ነው። ግን ጠዋት ጠዋት መጨናነቁን፣ መጠበቁንም በዓይናችሁ አይታችሁ ተማመኑበት። ሸገርና አንበሳ አውቶቡስ ከሚኒባስ ይረክሳሉ፤ የሚጠበቁበትን ጊዜ ግን ደምሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ ነው። የእሱ ፌርማታ ያለበት ሰፈር መግባት ደሞዝ እንደ መጨመር ይቆጠራል። የግል ድርጅት ከሆነ «ሰርቪስ አለ ወይ? በየት በየት ነው የሚሄደው?» የሚለውን ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

አንድ ቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። ሁለት ቤት አገኛችሁ። ሩቁ በ1,000 ብር ይረክሳል። ግን ወደዚያ ለመሄድና ለመመለስ በቀን 50 ብር ተጨማሪ ታክሲ አለው። በ22 የሥራ ቀን 1,100 ብር። ርካሹ ቤት ተወደደ። በዚያ ላይ አንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ከጨመረ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በወር 33 ሰዓት መንገድ ላይ ጠፋ ማለት ነው። አዲስ ሠራተኛ ናችሁ፤ ማታ የምታነቡት፣ የምትማሩት፣ የምትተኙት ያስፈልጋችኋል።

ቤተሰብ ቤት

ወላጆቻችሁ አዲስ አበባ ካሉና ቢሮአችሁ እስከ ሁለት ታክሲ ከሆነ እዚያው ቆዩ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት። «ሥራ ይዤ እናቴ ጋ?» የሚለውን ስሜት እረዳዋለሁ፤ ጓደኞች የራሳቸውን ቁልፍ ሲያንጠለጥሉ ማየት ቀላል አይደለም። ግን ለኪራይ ሊወጣ የነበረውን ብር መሥሪያ ቤት ያለ ዕቁብ ውስጥ አስገቡት። ዕቁቡ ሲወጣላችሁ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ ቅድሚያ ክፍያውም በአንድ ጊዜ ይሟላል። ያኔ ስትወጡ ሙሉ ሰው ሆናችሁ ትወጣላችሁ።

ነገር ግን እንደ ተማሪ አትኑሩ። ከመጀመሪያው ደሞዝ ጀምሮ አንድ የታወቀ ነገር የእናንተ ይሁን፦ መብራቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ወይም የወሩን አስቤዛ እኔ እችላለሁ በሉ። «ሲኖረኝ እሰጣለሁ» አይሠራም። የታወቀ ነገር ስትይዙ ቤት ውስጥ ያላችሁ ቦታም ይለወጣል፤ ማታ አምሽታችሁ ስትገቡ የሚቀርብላችሁ ጥያቄ ራሱ ይለዝባል።

ዘመድ ቤት

ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከደብረ ማርቆስ ለሚመጣ ልጅ አክስት ወይም አጎት ቤት የመጀመሪያው ማረፊያ ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ትኩስ ምግብ አለ፣ ሰው አለ፣ ከተማውን የሚያሳይ አለ። የሙከራ ጊዜያችሁ እስኪያልቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በግል ድርጅት ከተቀጠራችሁ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ሥራው ይጽና አይጽና ሳታውቁ የራስን ቤት ውል መፈረም ለምን ይጠቅማችኋል?

ችግሩ የሚመጣው ጊዜው ሳይነገር ሲቀር ነው። ሳሎን የምትተኙ ከሆነ እንግዳ እስኪሄድ አትተኙም፤ ነገ 2:30 ቢሮ መግባት ያለበት እናንተ ናችሁ፣ እንግዳው አይደለም። ልጆች ካሉ አስጠኝ ትሆናላችሁ። ሴት ከሆናችሁ ደግሞ ወጥ ቤቱ ቀስ በቀስ የእናንተ ይሆናል፤ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ልማድ ነው። ስለዚህ ስትገቡ «አክስቴ፣ ሥራው እስኪጸና ነው የማስቸግርሽ» በሉ፤ ወይም «እስከ ፋሲካ» ብላችሁ ቁረጡ። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ራሳችሁ ንገሯት። ከጎረቤት ወይም ከልጆቿ ከሰማች ቅሬታው ዓመት ይቆያል። ስትወጡም ባዶ እጅ አትውጡ፣ ከወጣችሁ በኋላም እሑድ ብቅ በሉ።

ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል

ቪላ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ክፍል ወይም በረድፍ ከተሠሩ ክፍሎች አንዱ። ለብቻ ለመኖር ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ኪራይ እዚህ ነው፤ ለመሃል ከተማም ቀረብ ብሎ ይገኛል። ታላላቆቻችሁ «እኛ ካዛንቺስ በዚህ ብር ተከራይተን ነበር» ሲሏችሁ ግን በዚያ አትመኩ። በ2016 እና በ2017 ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ቦታ ሲፈርስ እነዚያ ለቢሮ ቅርብ የነበሩ የግቢ ክፍሎችም አብረው ሄደዋል። አሁን ገርጂ፣ ኮተቤ፣ ሳሪስ፣ መካኒሳ፣ አየር ጤና አካባቢ ብትፈልጉ ይሻላል።

የግቢ ቤት የሚለካው በአከራዩ ነው። እትዬ ጥሩ ከሆኑ እናት አገኛችሁ፤ ታማችሁ ብትተኙ አጥሚት ይዘው የሚያንኳኩ አሉ። ካልሆኑ ደግሞ እስር ቤት ነው። ቤቱን ስታዩ ክፍሉን ብቻ አትዩ፣ ሕጎቹን አንድ በአንድ አስወሩ። በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? አምሽቶ የሚሠራ ሰው ቁልፍ ይሰጠዋል? እንግዳ ይገባል? እህቴ ከክፍለ ሀገር ብትመጣ ታድራለች? ምጣድ መጠቀም ይቻላል? ብዙ ግቢ ውስጥ ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ምጣድና የውኃ ማሞቂያ ክልክል ነው፤ የመብራቱ ሒሳብ በሰው ቁጥር ይካፈላል ወይስ በግምት ይጣላል? ሽንት ቤቱ የስንት ሰው ነው? ውኃ ሲጠፋ የግቢው ሮቶ ለተከራይም ነው ወይስ ለባለቤት ብቻ?

«ለወንደላጤ አናከራይም» የሚሉ አሉ፤ «ለሴት ብቻ» የሚሉም አሉ፤ «ባለትዳር ብቻ» የሚሉም አሉ። በደላላ በኩል ከሆነ ይህን በስልክ ጨርሱት፤ ለከንቱ ሁለት ታክሲ ከፍላችሁ አትሂዱ።

በደባልነት

እኔን ብትጠይቁኝ ቤተሰቡ ከተማው ውስጥ ለሌለ ጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ትይዛላችሁ። ለብቻችሁ በምትከፍሉት ብር ዳር ላይ ስቱዲዮ የምታገኙ ከሆነ፣ ተካፍላችሁ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቦታ ታገኛላችሁ። ፍሪጁም፣ ምድጃውም፣ ኢንተርኔቱም ይካፈላል። ማታ ስትገቡ የሚያዋራ ሰው አለ፤ የመጀመሪያዎቹ የሥራ ወራት አለቃ ሲቆጣ፣ ሥራው አልገባ ሲል፣ የሚሰማ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ማንን ነው ደባል የምታደርጉት? እዚህ ላይ ብዙዎች በቀጥታ የልብ ጓደኛቸውን ያስባሉ። እኔ ሌላ መለኪያ አለኝ፤ ደሞዛችሁ ተቀራራቢ ይሁን፣ የመኝታ ሰዓታችሁ ይመሳሰል። ደሞዙ እጥፍ የሆነ ሰው ሥጋና ዲኤስቲቪ ሲያስብ እናንተ ሽሮ እያሰባችሁ ከሆነ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ አዳር ሠራተኛ፣ አንዱ ጠዋት ወጪ ከሆነ ደግሞ በር ተከፈተ ተዘጋ እያላችሁ ሁለታችሁም አትተኙም። የሥራ ባልደረባ ጥሩ ደባል ሊሆን ይችላል፤ አብራችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ትመለሳላችሁ። ቢሮ ውስጥ የተጣላችሁ ቀን ግን ቤትም ያው ሰው ነው የሚጠብቃችሁ።

ብር ላይ ግልጽ ሁኑ። ወሩ ሲጀምር ሁሉም እኩል ወደ አንድ ቋት ያዋጣ፤ ከዚያ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የመብራት ካርዱ ይገዛል። «አንተ ዘይት ግዛ፣ እኔ ሽንኩርት» የሚባለው አሠራር በሁለተኛው ወር ይበላሻል፤ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ አንድ አይደለማ። ውሉ ላይ የሁላችሁም ስም ይስፈር። አንዱ ብቻ ፈርሞ ሌላው ቢወጣ ሙሉ ኪራዩ የሚወድቀው በፈረመው ላይ ነው። የሚወጣ ሰው ተተኪ ፈልጎ ይውጣ፣ ወይም ከአንድ ወር በፊት ይናገር። ይህን ገና ስትገቡ፣ ፍቅር እያላችሁ ተነጋገሩት።

ኮንዶሚኒየም ስላልኩ የውኃውን ነገር ላንሳ። አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃ በፈረቃ ነው፤ አንዳንድ ብሎክ ደግሞ ግፊቱ የሚበረታው ሌሊት ብቻ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው መንጫጨት ሲጀምር አንዱ ይነሳል፣ ባልዲው፣ ቢጫ ጀሪካኑ፣ ሳፋው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል፤ ሻወር ቤቱ ውስጥ መቆሚያ እስኪጠፋ። ለብቻችሁ ስትሆኑ ይህን ሌሊት ካለፋችሁት ሳምንቱን ሙሉ በጀሪካን ከምድር ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ። ሦስት ስትሆኑ ተራ ይኖራል። ቤት ስታዩ ለአከራዩ «ውኃ አለ?» አትበሉ፤ «አለ» ነው የሚላችሁ። ደረጃ ላይ ያገኛችሁትን ጎረቤት «ስንት ቀን ነው የሚመጣው? በስንት ሰዓት? እዚህ ፎቅ ይወጣል?» በሉት። መልሱን ከእሱ ታገኛላችሁ። በነገራችን ላይ ምድር ቤት ውኃ ቶሎ ያገኛል፣ ጫጫታውና የሌባው ነገር ግን ያሳስባል። ለእኔ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ተመራጭ ናቸው።

ዳር ላይ ለብቻ

ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ። የራስ ቁልፍ፣ የራስ ሽንት ቤት፣ ማንም «የት ነበርሽ?» የማይልበት ቤት። ፍላጎቱ ይገባኛል። ነገር ግን ቢሮአችሁ መሃል ከተማ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ይህን አልመክርም። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ መውጣት፣ ማታ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ቆሞ 2 ሰዓት ላይ ቤት መግባት፣ ገብቶም ወጥ ለመሥራት አቅም ማጣት። ያኔ ከውጭ መብላት ይመጣል፤ ኪራይ የቆጠባችሁት እዚያ ይፈሳል። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ታክሲው ይጠፋል፣ በኮንትራት ነው የሚሉት ይበዛሉ፣ በራይድ ልሂድ ካላችሁ የአንድ ቀን መመለሻ የሳምንት ታክሲ ይውጣል።

ለማን ይሆናል? ሥራው ከቤት ለሆነ ሰው ይሆናል። የድርጅቱ ሰርቪስ በሩ ላይ ለሚያነሳው ይሆናል። ሥራው ራሱ በዚያ አቅጣጫ ለሆነ ይሆናል። ለእነዚህ እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው፤ በሌላ ቦታ በማታገኙት ኪራይ ሰፊ ቤት ይኖራችኋል።

ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ያሉ ቤቶችም እዚህ ይመደባሉ። እነዚህ አሁን በኦሮሚያ ሥር ባለው ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ውል ማስመዝገቡም፣ የነዋሪነት ጉዳዩም ከአዲስ አበባ ወረዳ ጋር አይገናኝም። ማታ የመጨረሻው ታክሲ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ሳታጣሩ አትግቡ።

ቢሮ አጠገብ፣ ውድም ቢሆን

ይህን የምለው ለጥቂቶች ነው። ሆስፒታል አዳር ለሚሠሩ፣ ሆቴል በፈረቃ ለሚገቡ፣ ከሥራ በኋላ ማታ ማስተርስ ለሚማሩ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሰው ታክሲ ሊቆጥብ አይችልም፤ በእግር አሥር ደቂቃ የሆነች ጠባብ ክፍል ብትወደድም ታዋጣዋለች። ሌላው ሰው ግን ለቦሌ አድራሻ ብሎ ከደሞዙ ግማሹን አይክፈል።

ሥራችሁ ክልል ከተማ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ኮምቦልቻ ወይም ባሕር ዳር ደርሷችሁ ከሆነ፣ አብዛኛው የጻፍኩት ራስ ምታት አይመለከታችሁም። ባጃጅ ነው፣ እግር ነው። እዚያ ለብቻ ክፍል መያዝ ከመጀመሪያው ይቻላል። ብቻ ለሁለት ሳምንት ያህል አልጋ ይዛችሁ ሰፈሩን እዩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች ከማንም ደላላ በላይ ባዶ ክፍል ያውቃሉ።

ለሴቶች ተጨማሪ

ወንዶችም አንብቡት። ከታክሲ ወርዶ እስከ በር ያለው መንገድ የቤቱ አካል ነው። ቤቱን ቀን 8 ሰዓት ላይ አይታችሁ አትወስኑ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰው ጋር ሆናችሁ ሂዱ። መብራት አለ? ሱቅ ክፍት ነው? የሚያልፍ ሰው አለ? ጭር ያለ የግንባታ ቦታ ወይም ድልድይ ታልፋላችሁ? ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎኩ በር ይቆለፋል? ጥበቃ አለ? ግቢ ከሆነ የክፍላችሁ በር ከውስጥ የሚቀረቀርበት ጠንካራ መቀርቀሪያ አለው? አከራዩ መለዋወጫ ቁልፍ ይዟል? ገና ስትገቡ ቁልፉን መቀየር መብታችሁ መሆኑን ተነጋገሩ። በዚህ ነገር ላይ አምስት መቶ ብር ለመቆጠብ ብላችሁ አትደራደሩ።

ዕቃ

ለመጀመሪያው ወር ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ባልዲ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ምሳ ዕቃ። ይበቃል። ሶፋና ቴሌቪዥን በዱቤ የሚገዛ ሰው ቤቱ ቢያስጠላው እንኳ መውጣት ያቅተዋል። በርበሬና ሽሮ ከቤት ይምጣ፤ እናቶቻችን ይህን ማዘጋጀት ይወዳሉ፣ እናንተም አትኩሩ። ምሳ ይዞ መሄድ በወር ምን ያህል እንደሚያተርፍ የምታውቁት አንድ ወር ስትሞክሩት ነው።

ውል

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ለጀማሪ ተከራይ ጥሩ ጋሻ ነው። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ አከራይ በፈለገ ጊዜ ተነስቶ በፈለገው መጠን መጨመር አይችልም። «የስድስት ወር አምጡ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ሕጉን በትሕትና ጥቀሱለት። እምቢ ካለ ሌላ ቤት እዩ፤ ገና በመግቢያው ሕግ የማይሰማ አከራይ በኋላም አይሰማም። አንዳንዱ «ውል ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ይላል፤ እሱም ለእናንተ አይበጅም፣ ክርክር ቢነሳ የሚታየው የተጻፈው ነው።

ብር ከመስጠታችሁ በፊት የሚያከራያችሁ ሰው ማን እንደሆነ እወቁ። ባለቤቱ ከሆነ ካርታው ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ይመሳሰል። ወኪል ከሆነ ውክልናውን ያሳይ፤ ማከራየት ይፈቅድለታል ወይ ብላችሁ አንብቡት። የሰው ቤት አከራይቶ ቀብድ ተቀብሎ ስልክ የሚያጠፋ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ደግሞ የቸኮለ አዲስ መጪ ነው። ለደላላው የምትከፍሉትን ቤት ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፤ «ማሳያ» እየተባለ በየቤቱ ብር መስጠት የለም። ክፍያ በሙሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ወር ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ።

ስትገቡ ቤቱን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፤ የተሰበረ መስታወት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የቆጣሪው ቁጥር ይታይ። ቪዲዮውን ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩለት። ለመውጣት ስንት ጊዜ ቀደም ብላችሁ ማሳወቅ እንዳለባችሁ ውሉ ላይ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ከሌለ ይጻፍ በሉ። ቁልፉን ተቀብላችሁ ዕቃ የምታስገቡት ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ቅጂ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያ በዚያው ሳምንት አከራዩን ይዛችሁ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።